ብሳናው ረክቷል

በአገራችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚለቀሰው ለሟቹ ነው። በርጩማ ያለው ሰው ሲሞት ግን መጀመሪያ በርጩማው ይገለበጣል፤ ለቅሶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አገሩ ወዴት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ከተወለድኩበት ሰፈር ርቄ ስለማላውቅ አቅጣጫውን ላስረዳችሁ አልችልም። ገበያችን ሰፊ ነው፣ ወንዛችን ገደል ውስጥ ነው፣ ሸንጎአችን አርባ በርጩማ አለው። ይህን ካወቃችሁ ይበቃችኋል።

ከአርባው አንዱ በርጩማ የእኛ ሰፈር ነው። አቶ ደምመላሽ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠውበት፣ ባለፈው ጥቅምት አንድ ማክሰኞ ምሳቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ ሳይነሱ ቀሩ። ደግ ሰው ነበሩ። ለማንም ክፉ መልስ ሰጥተው አያውቁም፤ ለነገሩ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ሸንጎው ላይ የሚሻኮቱት ሁለት ማኅበራት ናቸው። የጧት ማኅበር ገበያ ጎህ ሲቀድ ይከፈት ይላል። የማታ ማኅበር ከቀትር በኋላ ይከፈት ይላል። ገበያው ራሱ ማንንም ሳያማክር ረፋዱ ላይ ይከፈታል። በዚህ ነገር የተነሳ ወንድማማቾች ተኳርፈዋል፣ እጮኛሞች ቀለበት ተመላልሰዋል። የእኛ ሰፈር ከአያት ከቅድመ አያቱ ጧተኛ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት የሚተኛው ሰካራማችን እንኳ ጧተኛ ነው። እኔም ጧተኛ ነኝ፤ ለምን ብትሉኝ አባቴ ስለነበሩ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው የሸለቆ ሰፈር ደግሞ በዚያው ልክ ማተኛ ነው።

በርጩማ የሚሞላው በጉተታ ነው። ጉተታ በየሁለት ዓመቱ አለ፤ ባለ በርጩማ በመሃል ከሞተ ደግሞ የማሟያ ጉተታ ይደረጋል። ሜዳው ላይ ወፍራም ገመድ ይዘረጋል፤ ማኅበራቱ ያቆሟቸው ሁለት እጩዎች ሁለቱን ጫፍ ይይዛሉ፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከወደደው እጩ ኋላ ሆኖ ይስባል። የሳበ ይቀመጣል። ነገር ግን ገመዱ ከመሬት ሳይነሳ ሕጉ አንድ ነገር ያዛል፤ እጩ ተፎካካሪውን ሰባት ጥያቄ ይጠይቃል፣ የተጠየቀውም በገዛ አፉ ይመልሳል። ጠያቂው ተፎካካሪ ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ይሰማል። ሕዝቡ ራሱ ለምን አይጠይቅም ያላችሁ እንደሆነ፣ በጥንት ዘመን ተሞክሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለጠየቀ መልስ ሰጪው ደንቁሮ ቀረ ይባላል።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር የማታ ማኅበር እጩ አያቆምም። ለመጨረሻ ጊዜ ያቆመው የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በአቶ ደምመላሽ ላይ ነው፤ ለዚያ እጩ ገመድ የያዙለትም ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ራሱ፣ አንዷ ሚስቱ፣ ሦስተኛው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ ይጣራል። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ በቃኝ አለ። ሕጉ ግን ያለ ተፎካካሪ ጉተታ የለም ስለሚል፣ ሌላውን የገመድ ጫፍ ሜዳው ዳር ካለው ብሳና ግንድ ጋር እናስረዋለን። ብሳናው በመዝገብ ላይ «ተፎካካሪ» ተብሎ ይጻፋል። የገመድ ዳኛው አቶ ይታገሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቱ ይቆሙና «ብሳና ሆይ፣ ጥያቄ አለህ ወይ?» ይሉታል። ሰባት ጊዜ እስኪተነፍሱ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው «ብሳናው ረክቷል» ብለው ያስጽፋሉ። ሰፈሩ በሙሉ ገመዱን ይጎትታል። ብሳናው አይነቃነቅም። ዳኛው «አልሳበም፤ ስለዚህ ተሸንፏል» ይላሉ፣ እልልታው ይቀልጣል። አሥር ጊዜ እንዲህ አድርገናል።

አሁን ወደ ፓምፑ ልምጣ። በዚያው ሜዳ ጫፍ፣ ከብሳናው ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ አባቶቻችን በጉልበታቸው ያስቆፈሩት የእጅ ፓምፕ አለን። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እጀታው ሰነጠቀ። አቶ ደምመላሽ «ወደ ዋናው ከተማ ወስጄ አስበይደዋለሁ» ብለው ፈትተው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ እጀታው አልተመለሰም። ፓምፑ እንደ ተቆረጠ ክንድ ቆሞ ቀረ። የሰፈሩ ሴቶችም ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ገደሉን መውረድና መውጣት ጀመሩ። በየሁለት ዓመቱ በጉተታው ቀን ሰው ሁሉ ፓምፑን አልፎ ይሄዳል፤ ዳኛው ብሳናውን ይጠይቁታል፤ ብሳናው ይረካል።

ጎረቤቴ እትዬ አትጠገብ ገመድ ገማጅ ናት። ቃጫ ትፈትላለች፣ ታከራለች፣ የጉተታውን ገመድም የምትገምደው እሷ ናት። በመሃላችን ያለው አጥር ብዙ ቀዳዳ ስላለው ከግማሽ በላይ የሕይወት ታሪኳን ሳልፈልግ አውቀዋለሁ። በሰፈሩ የታወቀች ማተኛ እሷ ብቻ ናት፤ ጧት ጧት እጇ ስለማይፈታ ነው። ያሳደገቻት የወንድሟ ልጅ ውብአየሁ ባለፈው ክረምት ከነጄሪካኗ ገደሉ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በምርኩዝ ትሄዳለች። እትዬ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ውሃውን ራሷ ትቀዳለች፤ ስትወጣ ሦስት ቦታ ታርፋለች፣ ሦስተኛው የእኔ ደጅ ነው።

የአቶ ደምመላሽ ሰልስት ባለፈ ማግስት የጧት ማኅበር የእህታቸውን ልጅ አቶ መንበሩን እጩ አደረገ። መንበሩም የአጎቱን የበርጩማ በትር፣ ያንን በሬሳው ፊት የተያዘውን ባለ ወርቅ ቀለም በትር፣ ይዞ በሰፈሩ ይዞር ጀመር። የዚያኑ ዕለት እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«አያልቅበት።»

«አቤት እትዬ።»

«ከመንበሩ ጋር ልጎተት ነው። የማታ እጩ ሆኜ።»

«ምነው፣ ብሳናው ታመመ እንዴ?»

አልሳቀችም። እሷ ካልሳቀች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«አሸንፋለሁ ያልኩ እንዳይመስልህ፤ ሰፈሬን አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው ሰባቱን ጥያቄ ነው። እጀታው የት እንደገባ ሰው ፊት በአፉ ይንገረኝ። ከዚያ ጎትታችሁ ገደል ክተቱኝ።»

«ማኅበርሽ ማኅተም ካልሰጠሽ ዳኛው ይቀበሉሻል?»

«አይቀበሉኝም። ነገ ቃጫ ትሸከምልኛለህ፤ ማኅተም ልናመጣ ነው።»

የማታ ማኅበር ጽሕፈት ቤት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በማለዳ ደረስን። ከቀትር በፊት ስለማይከፍቱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ እኔ ጧተኛ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ በየመሃሉ አዛጋሁ። ዋና ጸሐፊው አቶ ሳህሉ ጨዋ፣ ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ደጋግመው የሚጠርጉ ሰው ናቸው። ነገሯን ሰምተው ሲጨርሱ አዘኑ።

«ወይዘሮ አትጠገብ፣ በእናንተ ሰፈር እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተሸነፍንም። ይህን ክብር በአንድ ቀን ሊያፈርሱብን ነው?»

«ያልተሸነፋችሁት ስላልቆማችሁ ነው።»

«ዘዴው እሱ ነው። ጭንጫ ላይ ዘር አይበተንም። ያለችንን ጉልበት የምናሸንፍበት ሰፈር ላይ ነው የምናውላት።»

«እኔ ጉልበት አልጠየቅሁም፣ ማኅተም ነው የጠየቅሁት።»

አቶ ሳህሉ መነጽራቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ ቆሙ እንበል። ሠላሳ ሰው ያዘልዎ እንበል። ያን ጊዜ አገር ሁሉ የማታ ማኅበር እዚያ ሰፈር ሠላሳ ሰው ነው ይላል። ካልቆምን ግን ስንት እንደሆንን ማንም አያውቅም። አራት መቶ ልንሆን እንችላለን።»

«እናንተስ ስንት እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ?»

«አለማወቃችን ነው የሚያበረታን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። ጧቶች በሸለቆ ሰፈር አይቆሙብንም። እኛ እናንተ ዘንድ ከቆምን እነሱም እዚያ መቆማቸው ነው። ያኔ የእኛ ሰው ሊጠየቅ ነው።»

«ቢጠየቅ ምን ይሆናል?»

ይህን አስበውት የሚያውቁ አይመስለኝም። የብዕራቸውን ክዳን ከፍተው መልሰው ገጠሙት።

«የወንድሜ ልጅ በምርኩዝ ነው የምትሄደው» አለች እትዬ። «ለማን ልንገር? ለብሳናው? ነግሬዋለሁ። እውነቴን ነው፣ አንድ ቀን ሜዳው ላይ ሰው ሲጠፋ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ዝም ብሎ አየኝ፤ እርስዎም እንደሱ እያዩኝ ነው።»

«ጥናት ይደረግበታል» አሉ አቶ ሳህሉ።

«እሺ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለችና ቃጫዋን ፈታች። አንዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር አስራ መግመድ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ገመዱ ኮሪደሩን ዘለቀ። ሁለተኛው ቀን ደረጃውን ወርዶ መንገድ ወጣ፤ አንድ የማኅበሩ ሽማግሌ ተጠልፈው ወደቁና የጧቶች ሴራ ነው ብለው ጮሁ። እኔ ቃጫ እያቀበልኩ «እትዬ፣ ትንሽ ቆይተን ሳንነሳ ሰፈራችን ልንደርስ ነው» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አቶ ሳህሉ ከውስጥ ሆነው በሩን ቢገፉት አልከፈት አለ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በበሩ ሥር ተንሸራቶ ወጣ። ማኅተሙ የተመታው በጀርባው በኩል ነው። እትዬ አገላብጣ አየችውና «ይበቃል» አለች፤ ገመዱን ጠቀለለች፣ ተነሳን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበር። ባለ ወፍጮው አቶ ጥጋቡ ዱቄት እንደለበሰ ከደጁ ወጥቶ ጠበቀን።

«እትዬ፣ ብሳናው ምን አደረገሽ? ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሸነፍ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም። አሁን በስተርጅናው ከቦታው ልታፈናቅይው?»

«ካዘንክለት አንተ ከሥሩ ሆነህ አጽናናው።»

«ቀልዱን ተይው፣ ሰላም ሰፈር ነበርን።»

«ሰላም ናችሁ። እኔም ሰላም ነኝ። ከገደሉ ስወጣ ሦስት ቦታ ነው በሰላም የማርፈው።»

አቶ ጥጋቡ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ የጧት ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትዞረው?»

«ቃጫ ነው የተሸከምኩት» አልኩት። ያን ሰሞን ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

በጉተታው ቀን ሜዳው ሞላ። ያን ያህል ሰው አይቼ አላውቅም፤ አብዛኛው የመጣው ተፎካካሪ እግር ሲኖረው ምን እንደሚመስል ለማየት ነው። መንበሩ ካባ ደርቦ፣ በትሩን ይዞ፣ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ብሳናው አዙሮ ቆመ፤ በዚህ በኩል ነው ብለው አዞሩት። ከፊቱ እትዬ አትጠገብ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቆማለች። ዳኛው አቶ ይታገሱም ከልማድ የተነሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ብሳና ሆይ» ብለው ጀመሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ አትጠገብ፣ ጥያቄ አለዎት ወይ?»

«አለኝ።»

ጸሐፊው «ረክቷል» ብሎ አስቀድሞ ጽፎ ኖሮ መሰረዝ ነበረበት። ጠበቅነው።

«አንደኛ፤ የፓምፑ እጀታ የት ነው?» አለች።

መንበሩ ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። እትዬ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ።» ሰው አጨበጨበ።

«ሁለተኛ፤ የፓምፑ እጀታ የት ነው?»

«የእጀታው ጉዳይ በጥገና ሂደት ላይ እንደሆነ ከአጎቴ ሰምቻለሁ።»

«ሦስተኛ፤ የፓምፑ እጀታ የት ነው?»

«አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለዚህ ሰፈር ሲሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም።» ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ መሞታቸውን ያስታወሱ ጥቂት ሰዎች ጉንጫቸውን ነከሱ።

«አራተኛ፤ የፓምፑ እጀታ የት ነው?»

«እጀታ ብቻውን ውሃ አያወጣም። ኅብረት ነው ውሃ የሚያወጣው።»

በአምስተኛው ላይ በማለዳ ገደል መውረድ ለጤና ያለውን ጥቅም ነገረን። ገደሉን የሚወርዱት ሴቶች ከዳር ሆነው አዩት፤ አንዷ ጄሪካኗን ገለበጠችና ተቀመጠችበት። በስድስተኛው ላይ ላብ አጠመቀው። «ዳኛ» አለ፣ «አንድ ነገር ስንት ጊዜ ነው የምጠየቀው?»

አቶ ይታገሱ መጽሐፋቸውን ገልጠው ብዙ ፈለጉ። «ሕጉ ሰባት ጥያቄ ነው የሚለው። ሰባት የተለያየ አይልም።»

እትዬ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ሰባተኛ። አንተ መንበሩ፣ አሁን በእጅህ የያዝከው፣ በትር ከመሆኑ በፊት ምን ነበር?»

መንበሩ በትሩን አየው። እኛም አየነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ፣ በየሰርጉ፣ በየቀብሩ ያየነው በትር ነው። ርዝመቱ ክንድ ተኩል የሆነ ብረት፣ ታች ወፍራም፣ ላይ ቀጭን፤ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ አለች፣ እኛ ጌጥ ናት ብለን ነበር። መያዣው ላይ በወርቅ ቀለም የተቀባ ቃጫ ተጠምጥሟል።

«እኔ አላውቅም» አለ መንበሩ፤ እውነቱን እንደነበር ፊቱ ይናገራል። «ከአጎቴ ነው የወረስኩት።»

«እኔ ልንገርህ። ያ ቃጫ የእኔ ነው። ፀሐይ ብረቱን ሲያግለው ሴቶቹን እጃቸውን እያቃጠለ አስቸገረ፣ እኔ ጠመጠምኩበት። ቋጠሮው በግራ ይዞራል፤ በዚህ አገር በግራ የምቋጥር እኔ ብቻ ነኝ። በቀብሩ ቀን ነው ያየሁት።»

ዳኛው የሸንጎውን የንብረት መዝገብ አስመጡ። ጸሐፊው ጣቱን እየላሰ ገለጠና አነበበ። አቶ ደምመላሽ እጀታውን አስበይደው በተመለሱበት ዕለት ሸንጎው ተቀምጦ ኖሯል፤ ይዘውት ገቡ። የሸንጎው በረኛ ብረቱን አይቶ ከሰፈሩ ሕዝብ የመጣ ስጦታ መሰለውና አስመዘገበው፤ «የበርጩማ በትር፣ ብረት፣ አንድ»። ሠላሳ ዘጠኙ ባለ በርጩማዎች ቀኑባቸውና ለየራሳቸው በትር አሠሩ። አቶ ደምመላሽም ስህተት ነው ለማለት ሳይመቻቸው ወርቅ ቀለም አስቀቡት። አንድ ሰው ቢጠይቃቸው ኖሮ ይናገሩ ነበር፤ አልኳችሁ፣ ደግ ሰው ነበሩ።

«ይሞከር» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሠላሳ እርምጃውን ሁላችንም ሄድን። መንበሩ ራሱ እጀታውን ከቦታው አገባው። ልክ ገባ። ብሎን ስላልነበረ እትዬ በሚስማር አያያዘችውና መግፋት ጀመረች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። መጀመሪያ አየር ወጣ፣ ከዚያ ሽታ፣ ከዚያ ዝገት። እሷ አላቆመችም። መንበሩ ካባውን ጥሎ አገዛት። በመጨረሻ ፓምፑ እንደ ሽማግሌ ሳለና ውሃ ተፋ። ከሴቶቹ ማንም እልል አላለም። ከዚያ አንዷ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ጠጣች።

ተራ በተራ ጠጣን። አፋችንን ጠረግን። ከዚያ ወደ ሜዳው ተመልሰን፣ ሰፈሩ በሙሉ ከመንበሩ ኋላ ተሰለፈ።

እትዬ አልተገረመችም። «አላልኩህም?» አለችኝ በፊቷ ሳልፍ። እሷ ኋላ የቆሙት ሠላሳ አንድ ሰዎች ናቸው፤ የገደሉ ሴቶች፣ ሁለት የሴቶቹ ባሎች፣ ሰካራሙ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ውብአየሁ። ውብአየሁ ምርኩዟን መሬት ላይ አጋድማ፣ ቁጭ ብላ፣ የገመዱን ጫፍ በወገቧ ዙሪያ አሰረች።

እኔ የት ነበርኩ የምትሉ ከሆነ፣ በጧቱ በኩል ነበርኩ። አባቴ ይቆሙበት በነበረው ቦታ፣ ከአቶ ጥጋቡ ኋላ። ገመዱን ያዝኩ። ዳኛው ባርኔጣቸውን ጣሉ፣ ጉተታው ተጀመረ፤ እኔም ያዝኩ እንጂ አልሳብኩም። መያዙ ለአባቴ፣ አለመሳቡ ለጎረቤቴ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አራት መቶ ሰው ሠላሳ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይወስዳቸዋል ብዬ ነበር የማስበው። ገመዱ ግን አልሄደም። ጥቂት ቆይቼ ከፊቴ ያለውን የአቶ ጥጋቡን ክንድ አየሁት፤ ጅማቱ እንኳ አልተወጠረም። ጎኔ ያለውን አየሁ። እሱም እንደኔው ይዟል። ስንት ሰው ዝም ብሎ እንደያዘ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ፊታችንን ግን ሁላችንም በደንብ አጨማደድን። ሴቶቹ ተረከዛቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው ሳቡ። ከእኛ ወገን የሚስቡት መንበሩና ዘመዶቹ ብቻ ነበሩ መሰለኝ። ሕፃን አንድ ጡት ጠብቶ እስኪጨርስ ያህል ቆየን። ከዚያ ገመዱ ቀስ ብሎ፣ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ወደ እኛ ሄደ። ተሸነፈች።

እልልታው ዘንድሮ አጭር ነበር። እትዬ መዳፏ ተላልጦ ደምቷል፤ ቀሚሷ ላይ ጠረገችውና ውብአየሁን ልታስነሳ ሄደች።

መንበሩ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በመዝገብ የገባ በትር በቃል ስለማይሰረዝ፣ ሸንጎው ተሰብስቦ አስታራቂ ውሳኔ አሳለፈ፤ እጀታው ከፓምፑ ላይ ይሁን፣ ሸንጎ በሚቀመጥበት ቀን ግን ተፈትቶ ይሂድ። ሸንጎ በወር አራት ቀን ይቀመጣል። በእነዚያ ቀናት መንበሩ በማለዳ መፍቻ ይዞ ይመጣል፣ ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አስቀድመው ሞልተው ይጠብቁታል፣ ስለ እጀታው ጤንነት ይነግሩታል። ሸንጎው በጉንፋን ምክንያት የተበተነ ሳምንት በሰፈራችን ትልቅ ደስታ ሆነ።

አቶ ሳህሉ በራሳቸው እግር መጡ። ውሃ ቀረበላቸው፣ ጠጡ፣ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ሽንፈታችን ነው» አሉ። «ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሠላሳ ሁለት ነን ብለው ይጻፉ» አለች እትዬ። «ስማቸውንም ልሰጥዎት እችላለሁ።»

«በመጪው ጉተታስ?»

«ሌላ ጥያቄ አለኝ። ማኅተሙን አሁኑኑ ይምቱልኝ፤ በፊቱ በኩል።»

መቱላት። ቃጫዋ አጠገባቸው ተከምሮ ሳያዩት የቀሩ አይመስለኝም።

ይህ ከሆነ አንድ ወር እንዳለፈ ከወንዙ ማዶ፣ ከሸለቆ ሰፈር፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰውዬ ወደ እትዬ ግቢ መጣ። እኔ አጥሩን እየጠገንኩ ነበር፤ ማለቴ ቀዳዳውን እያሰፋሁ። ሰውዬው ተባባል ይባላል፣ ልብስ ሰፊ ነው። በሰፈራቸው ያለ የታወቀ ጧተኛ እሱ ብቻ ነው። ባለ በርጩማቸው ታመዋል፣ የሚተርፉ አይመስሉም። የጧት ማኅበር ደግሞ እዚያ ሰፈር ጉልበት አናባክንም ብሎታል።

«ታዲያ ከእኔ ምን ፈልገህ ነው?» አለችው። «የጧት ሰው ነህ። እኔ የማታ ነኝ። የምትፎካከረው የእኔን ማኅበር እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እንዴት ተደርጎ እንደሚሸነፍ የሚያውቅ ሌላ ሰው አላገኘሁም።»

እትዬ ወደ አጥሩ ዞር አለች። እኔ ወደ ሚስማሬ ዞርኩ።

«ጥያቄ አለህ?» አለችው።

«አንድ ነው። ሰባት አይሞላም።»

«እስቲ ንገረኝ።»

ሰውዬው ግቢውን ቃኘ፣ እኔን አየኝ፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ሊነግራት ሞከረ። እትዬ በእጇ ደረቱን ይዛ መለሰችው።

«ቆመህ። ጮክ በል። ሜዳው ላይ እንዲህ ካንሾካሾክህ የሚሰማህ ብሳና ነው።»

«በእኛ ሜዳ ያለው ወይራ ነው።»

«ወይራም ቢሆን። በል።»

ቀና ብሎ ቆመና ጠየቀ። «አልሰማሁም» አለችው። ደግሞ ጠየቀ፤ ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ። ቃጫ አንስታ አንዱን ጫፍ ሰጠችው፣ ሌላውን ራሷ ይዛ ሄዳ ግቢው ጥግ ላይ ቆመች። «እንደገና» አለችው።

በሦስተኛው ጊዜ ባለ ወፍጮው አቶ ጥጋቡ ወፍጮውን አቁሞ ከደጁ ብቅ አለና ማን ምን እንደጠፋበት ጠየቀ።